ሬት

በጥር ወር ባሕሩ ጀርባውን ያጠናል፤
ትናንት ጀልባ ያለፈበት ዛሬ መኪና ይሄድበታል።
ደንቡ አንድ ነው፦ ቀበቶ አይታሰርም፤
በረዶው ከተሰነጠቀ የሚፈቱበት ጊዜ አይኖርም።

ነርስ ኡርቬ ይህን ታውቃለች፤
የመኪናዋን በር ገርበብ አድርጋ በዝግታ ትነዳለች።
ከኋላ ወንበር ላይ ሚዛኗ፣
የክትባት ሣጥኗ፣
ደግሞ አንድ ጥንድ የሕፃን ካልሲ፣ ማንም ያላዘዛት፣
ከኪሷ የገዛችው።

ኪህኑ ደሴት ላይ ቀሚስ ይናገራል።
ቀይ መስመር የበዛበት ደስታ ነው ይባላል፤
ጥቁሩ ከዋጠው ሐዘን።
ወራት ሲያልፉ ቀዩ ክር ይመለሳል፣ በቀጭኑ፣
አንድ አንድ እያለ፣ ሴቶቹ እንደ ወሰኑ።
ኡርቬ ከደጃፍ ቆማ ታነባለች፤
በሩን የከፈተችላት ሴት ጥቁር ለብሳለች፤
አንድም ቀይ የለባት።

ሬት ነው ስሟ።
በዚያ አገር ስም ብቻ ነው፣ ከዕንቁ የተቀዳ፤
በእኛ ጡት ማስጣያ ነው፣
ጫፉ ላይ የሚቀባ፣ ልጅ ቀምሶ እንዲከዳ።
ይህን ለእሷ የነገራት የለም።
ሆኖም የመጀመሪያ ቃሏ፦ «ወተቴ መረረ፤
ከእንግዲህ አላጠባም።

ታቪን ባሕር ከወሰደው ወዲህ የምበላው አይታወቀኝ፤
ሐዘኑ ወደ ጡቴ ወርዶ ነው ልጄ ፊቱን የሚያዞርብኝ።
ይኸው፣ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይጮኻል።
የአባቱን ሞት እየጠባ ማን ያድጋል?»

አማቷ ሳልሜ የሽመና ዕቃዋ ላይ አጎንብሳ ዝም።
የሟቹ እናት ናት፤ እሷን «እንዴት ነሽ» ያላት የለም።
የስድስት ዓመቷ ኬርቱ ከጠረጴዛው ሥር
ድመቷን በሻርፕ ጠቅልላ ታስተኛለች።

ኡርቬ አልመከረችም። «አይዞሽ» ለማለትም አልቸኮለች።
እጇን ታጠበች፣ በትንፋሿ አሞቀች፤
ኡኩን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው፤
በትንሿ ጣቷ አፉን ከፈተችው።
ምላሱ ላይ፣ በጉንጮቹ ውስጥ ነጭ ነጭ፣
የረጋ ወተት የሚመስል፣ ሲጠርጉት ግን የማይለቅ።

«ነይ እዪ» አለች። «ይህ ሐዘን አይደለም፣ ፈንገስ ነው።
ሲጠባ ያቃጥለዋል። የሸሸው ሕመሙን ነው፣ አንቺን አይደለም።
ጠብታው ለእሱ፣ ቅባቱ ላንቺ፤
ማጥባቱን አታቋርጪ።»

ሬት አላመነችም። ከጡቷ ጥቂት በማንኪያ አለበች፤
ለራሷ ልትቀምሰው ፈራች።
ያኔ ኬርቱ ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ፣
ጣቷን ነክራ፣ ዓይኗን ጨፍና አጣጥማ፦
«ይጣፍጣል» አለች። «ትንሽ ብቻ።»

ሕፃኑ ተመዘነ። «እኔስ?» አለች ልጅቱ።
ሚዛኑ አይበቃትም፤ ኡርቬ ብድግ አድርጋ በክንዷ መዘነቻት፣
«ከብደሻል» አለቻት።
ካልሲው ለኡኩ ሰፋ፣ ለኬርቱ ጠበበ፤
ለድመቷ ልክ ሆነ፣ ድመቷ ግን አልወደደችውም።

«እርስዎስ፣ ሳልሜ? መቼ ነው የተኙት?»
እጇ ክሩ ላይ ቆመ።
«ልጄ ከባሕር እስኪገባ ነበር የምጠብቀው።
ልማድ ሆኖብኝ፣ አሁንም መብራቱን አላጠፋም።»

ቅጹ ላይ ለእናት መስመር አለ፣ ለሕፃን መስመር አለ፤
ለአያት የለም።
ኡርቬ ከኅዳጉ ላይ ጻፈች፣ በደቃቁ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች፤ በረዶው ሳስቶ ነበር፣
የመጨረሻዋ መኪና እሷ ነበረች።
ኡኩ ስድስት መቶ ግራም ጨምሯል።
ቀሚሱ ያው ጥቁር ነው። ስለ ቀሚሱ አልጠየቀችም።
ልትወጣ ስትል ሳልሜ እስከ በሩ ሸኘቻት፤
እንደ ሰረቀ ሰው ወዲያ ወዲህ አየች፣
ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
«ትናንት» አለች፣ «አራት ሰዓት ያህል ተኛሁ።»