የሐሙስ ሱሪ

እብሬ ይመር ሆይ፣ የሐረጎ ወራጅ፣
ቦርሳህ የጣልያን፣ አንተ የማን ወዳጅ?
ደሴ ሰው አልጠራህ በእናት ባባት ስም፤
«ባንዳው መጣ» ሲሉህ ዞረህ አታውቅም።
ሚስትህ ዘሐራ ቧንቧው ጋ ቆይታ፣
ተራዋ ሲቃረብ በክርን ተገፍታ፣
ባዶ እንስራ አዝላ ስትገባ ማታ
አንተም ዝም፣ እሷም ዝም፤ ያ ነበር ሰላምታ።

እኔ ደግሞ ሰፊ፣ ከኮምቦልቻ መግቢያ፣
አንድ ሲንጀር መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያ።
ቋንቋቸውን ምጽዋ፣ ከወደቡ ዳር፣
ከቁልፍ ጋር አብሬ ለቅሜው ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ትመጣለህ ወርደህ፣
የመንግሥት ሱሪህን ከጉልበቱ ቀደህ።
«ይህ የሐረጎ እሾህ!» ትላለህ ጮክ ብለህ፣
ጨርቅ ታገለድማለህ ሱሪህን አውልቀህ፤
ደጅ የቆመው ዘብ ይስቃል ባካሄድህ።

ከዚያ መጋረጃው። ካውያዬ ሞቆ
ሙጫው ይነሣል፣ እንደ ቁስል ቅርፊት በዝግታ ለቅቆ።
አነባለሁ፦ ስንት ጥይት፣ ስንት ስንቅ፣
በየትኛው ሌሊት ዘቡ እንደሚርቅ።
እነሱም ጥፈው፣ እኔም ጥፌ፣
የነሱ በቀለም፣ የኔ በመርፌ።
ከሱሪህ ገበር ውስጥ ብጣሽ ቃል ሸጉጬ፣
ማኅተሙን ባውራ ጣት መልሼ ደፍጥጬ፣
«ሁለት ሶልዲ» እላለሁ። ትከፍለኛለህ።
(ሁሌ ትከፍል ነበር፣ ተው ስልህ እምቢ ብለህ።)
ሌሊት ጦሳ ስር የሚጠብቅ አለ፣
ገበሩን ተርትሮ የሚያነብ፣ ፊደል የታደለ።

አንተ ፊደል አታውቅም። ልበለው ደግሜ፦
አታውቅም ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ በሐምሌ፣ ዝናቡ ሲያጓራ፣
ስድስት ስም ተጽፎ አየሁ በተራ።
ቅዳሜ ይያዙ፣ ከገበያው መሐል።
ሦስተኛው፦ ሰይድ ይመር። ጨው ነጋዴ ይላል።
«ምን ይላል?» አልከኝ፣ በግልድምህ ቆመህ፣
ባዶ ጉልበትህን በእጅህ እያሸህ።

ሰው እንዴት ይለካል? የኔው ሜትር ይኸው፤
ካንገቴ የማይወርድ፣ ጫፉ ያረጀው።
ባንዱ ጫፍ ወንድምህ፤ በሌላው ጫፍ ግን
ቅዳሜ ሌሊት የሚሻገሩ ቦርከናን
ሁለት መቶ ሰዎች። ሰይድ ከሸሸ
ቦርሳህ ይጠረጠራል፤ መንገዱ ተበላሸ።

ለካሁ።
«ስለ ገለባ ነው» አልኩህ፣ «ስለ በቅሎ ገለባ።»
ወጣህ፣ ቦርሳውን በጋቢህ ሸፍነህ፣
ጠብታ እንዳይገባ።

በሳምንቱ መጣህ። ሰይድ ከተሰቀለ አምስት ቀን ሆኖታል።
ሱሪህን አየሁት። ድፍን ነው። እሾህ ስቶታል።
መቀሴን አነሣህ ከጠረጴዛው ላይ፣
ቀደድከው ጉልበቱን፣ ዓይኔን ስታይ፣ ስታይ።
«ስፋ» አልከኝ።
ደብዳቤውን ዘረጋህልኝ።
«ዛሬስ ምን ይላል?» ብለህ አልጠየቅከኝ፤
ያን ቀንም፣ ከዚያም ወዲያ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ።

ባንዲራ ሲሰቀል፣ ሜዳይ ሲታደል ሆጤ ሜዳ ላይ፣
«እብሬ ይመር!» ልል ተነሣሁ። ካጥሩ ጥግ አንተን ሳይ
ራስህን ነቀነቅህ።
ተቀመጥኩ።
አንዱን ቢመሰክሩ ሌላው ይመሰከራል፤
ክር ካንድ ጫፍ ሲሳብ ልብሱ ይተረተራል።

አሁን ያ ሱሪ እኔ ዘንድ ነው። ዘሐራ አመጣችው፣
በሞትክ ባርባኛው ቀን፣ በነጠላ ጠቅልላው።
«ጉልበቱን ዝጋለት» አለችኝ፤ ሌላ ቃል የላትም።
አሥራ ሰባት መጣፊያ ቆጠርኩ። አሥራ ስምንተኛው
ክፍት ነው፤ ያንን አልነካሁትም።
ካውያው ዝጓል። ክሩ መርፌዬን ይስታል።
ደንበኛ ሲመጣ ቀና ይልና ያየዋል፣
«ይህስ የማን ነው?» ይላል።
«የሰው ነው» እላለሁ።
«ሐሙስ ይመጣል።»