ሰኔ ሠላሳ

ከዳቦ ቤቱ በር፣ አሥራ ሁለት እርምጃ፤
ሌላ ካርታ የለም፣ ሌላም የለ ማስረጃ።
በተረከዙ ጫፍ፣ ንጣፉን ሲመታ፣
ዶማዬን ይዤ እኔ፣ በሰኔ ዝናብ ማታ፣
«እዚህ ጋ» ይለኛል፣ ጋሽ ሸዋንግዛው፤
ክንድ ተኩል ስቆፍር፣ ቫልቩ አለ እዛው።

ዶሮ ማነቂያ ነን። ከላይ ጌጠኛ መብራት፣
ከሥሩ ግን ያው ነው፣ የጣልያን ብረት፤
ዝገቱ እንደ ቅርፊት፣ በእጄ ላይ ይረግፋል፣
ስንቱን ሹም የሸኘ፣ ዛሬም ውኃ ያሳልፋል።

በጥቅምት ጠየቅን፣ አንድ የቫልቭ ጎማ፤
በኅዳር «ጨረታ»፣ በጥር «ኮሚቴው አልተስማማ»፣
በመጋቢት «ፈርሙ»፣ በግንቦት «ፊርማው ጠፋ»፤
ሰኔ ሲገባማ፣ ቢሮው በሰው ተጋፋ።
«ይመለሳል በጀቱ፣ ግዙ!» እየተባለ፣
ወንበር ተለወጠ፣ ደህናው ወንበር እያለ፤
የመንገዱም ጠርዝ፣ በዝናብ ተቀባ፣
ነጩ ቀለም ታጥቦ፣
ከራስ መኮንን ድልድይ፣ ቁልቁል ወንዝ ገባ።

የእኛ ጎማስ?

የበጀቷ እታለማሁ፣ ክፉ ሴት አይደለች፤
መነጽሯን አውልቃ፣ እንዲህ ስትል መከረች፦
«ለአዲስ ቧንቧ ጠይቁ፣ ሪባን ይቆረጣል፤
ላልፈነዳ ቫልቭ፣ ማን ጋዜጠኛ ይመጣል?»

ሣቅን።
ከዚያ ዝም አልን።

የእኛ ሥራ ፍሬ፣ ያልሆነ ነገር ነው፤
ያልሰመጠ መንገድ፣ ያልራሰ ፍራሽ ነው፤
ቧንቧ ከፍታ ታጥባ፣ ትምህርት ቤት የሄደች፣
ስማችንን የማታውቅ፣ ልታውቅም ያልፈለገች
አንዲት ልጅ ናት ፍሬው።

ጋሽ ሸዋንግዛው ታዲያ፣ መጠበቅ ሲሰለቸው፣
ካሮጌ ጎማ ላስቲክ፣ በካራ ቆረጠ፣
ለቫልቩ አንገት፣ ማተብ አርጎ ሰጠ።
ጆሮ ሰጠን ለጉድጓዱ፤ ጠብታው እየራቀ፣
ጠብ...
ጠብ...
እንደ ሽማግሌ ወሬ፣ መሐል ላይ አለቀ።

ነገ ሐምሌ አንድ ነው፤ አዲስ በጀት ይገባል፣
ጋሽ ሸዋንግዛው ግን፣ በጡረታ ይወጣል።
ከፒያሳ እስከ ሠራተኛ ሠፈር፣ ከመሬት በታች ያለው፣
ፋይል ውስጥ አይደለም፤
በነጭ ፀጉሩ ሥር፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው።

መነሻው የት ነበር? ቀና ብዬ ሳይ፣
ዳቦ ቤቱ የለም፤ ቆርቆሮ አጥርና ሰማይ።
አምና ከፈረሰ በር፣ ሳይስት ቆጥሮ ኖሯል፤
በአዲሱ ንጣፍ ላይ፣ የጭቃ ዳናው ቀርቷል።
እኔ ብቆጥር ግን፣ አሥር ላይ ጨረስኩኝ፤
«እግርህ ይረዝማል፤ በኔ ቁጠር» አለኝ።

ዝናብ ሳይቀድመኝ፣ ሜትሬን ዘረጋሁ፣
ከዳና እስከ ዳና፣ ጎንበስ ብዬ ለካሁ፤
ስድሳ አንድ ሳንቲ ሜትር። ባልተፈረመው ፎርም፣
ጀርባው ላይ ጻፍኩት፤ ማኅተም የለው፣ ቁጥርም።