መስመር ላይ ይቆዩ

ሩሴ ተኝታለች። ከዳኑብ ማዶ የሩማንያ መብራት ይንቀጠቀጣል፤
አራተኛ ፎቅ ላይ የዝላትካ መስኮት ብቻውን ነግቶ ይታያል።
ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። አሴምብሊ ትጽፋለች፣
አንድ መስመር ትጨምርና ሁለት ታጠፋለች።

«በዚህ ዘመን?» ይላታል ካሎያን፣ የታችኛው ፎቅ ተማሪ፣
«ላንዲት ቃል ለማተም ምን ያደርጋል ይህ ሁሉ ጥሪ?»
እሷ የፈለገችው ሌላ ነው፦
ቃል ሲጠራ በየት አልፎ ማን እንደሚያነሣው ማየት ነው።

ፕሮግራሟ እፍኝ አይሞላም፤ የኔ የሚለው ነገር የለው፤
ማተሙን፣ መቁጠሩን፣ መውጫውን እንኳ ከሲስተሙ ላይብረሪ ነው የሚበደረው።
ስም ብቻ ይዞ ይነሣል፤ ፕሪንትኤፍ የሚሉት አለ ይባላል፣
ቤቱ ግን ዛሬ የት እንደ ሆነ፣ ነገ የት እንደሚያድር፣ ማን ያውቃል?

መጀመሪያ ሲጠራው በሠንጠረዡ ላይ አድራሻ አይገኝም።
ጥሪው ወደ አገናኙ ይዞራል፤ አገናኙ አይሰለችም፣
መዝገብ ይገልጣል፣ ስምን ከስም ያስተያያል፣
ሲያገኘው ቁጥሩን በቦታው ይጽፍና ያገናኛል።
በሁለተኛው ጥሪ ጠያቂ የለም። በሩ ይታወቃል።

እዚህ ላይ እጇን ከቁልፎቹ አነሣች።
ይህን ሥራ ሠርታዋለች።

ሃያ ሁለት ዓመት በስልክ ቤት፣ ማዳመጫው ጆሮዋን ሲፈጅ፣
«ማንን ልጥራልዎ?» እያለች፣ ገመድ እየሰካች በቀኝ እጅ።
በየሐሙሱ ከቫርና ወደብ የሚደውል አንድ መርከበኛ ነበር፤
«ኔዳን፣ ዳቦ ቤቷን» ይላል፣ ድምፁ በጨው የሻከረ።
የመጀመሪያው ቀን መዝገቡን ገጽ በገጽ አሰሰች፤
ከዚያ ወዲያ ስሙን ሳይጨርሰው ገመዱን ሰካች።
አንድ ሐሙስ ግን ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሣ ጠፋ።
«መስመር ላይ ይቆዩ» አለችው።
ፈረቃዋ አለቀ።

ፕሮግራሙ ወደቀ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ደረቅ የስሕተት ቃል።
ስታኩን ቆጠረች፤ በስምንት ባይት ያጋድላል።
ላይብረሪው እንግዳ አይንቅም፣ ሥርዓት ግን ያውቃል፦
ለአሥራ ስድስት ያልተካፈለ እግር ደጁን እንዴት ይረግጣል?
እሷም የማይፈለግ አንድ ሬጅስተር ቁልሉ ላይ ጫነች፣
ማንም የማይቀመጥበትን ወንበር
ማዕድ ዙሪያ እንደምትጨምር።

«አሎ» አለ ጥቁሩ ስክሪን።
ከሥሩም፣ ያለ መዝገብ፣ ያለ ጠያቂ፣ ሁለተኛ «አሎ»።
ጥሪው ወደ ጠሪው መለሰ።

ጠዋት ካሎያን ኮዱን ሲያነብ
ስለ ስምንቱ ባይት ጠየቃት፣ ስለ አገናኙም ጠየቃት፤
ሁለተኛው «አሎ» የማን እንደ ሆነ
አልጠየቃትም።