የተሰበረውን በስሙ

ሃያ ስድስት ዓመት፣ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ፣
በነጭ ሳህን ከንፈር ወርቅ ሳሰልፍ፣
አንድ ቀን እጄ አልራደም፤
ምድጃው ሲዘጋም አልራደም።
ሃምሳ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ዛሬ፣
የኋላ ማርሽ ሳስገባ ይርዳል እግሬ።

ሊሞዥን ዝናብ ይዟታል። ከቪየን ወንዝ ማዶ
የማሠልጠኛው ግቢ፣ ውሃ የቋጠረ ባዶ፤
አምስት ብርቱካንማ ኮን፣ አንድ የተላጠ ቫን፣
ስድስት ሠልጣኞች፣ ኮፍያ ደርበን።

ኪሊያን አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ፒዛ በሞተር አመላልሷል፣
ጃኬቱ እስከ ዛሬ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።
ሲዲቤ ከባማኮ እስከ ጋኦ አሥር ጎማ ነድቷል፤
«እዚያ የነዳኸው እዚህ አይቆጠርም» ተብሏል።

መምህራችን ቴሳንዲየ እንዲህ ይላል ደጋግሞ፦
«መጨረሻ የሚወርደው ይጫናል አስቀድሞ፤
ከባዱ ከታች፣ ከፊት፤ ተሰባሪው ከላይ፤
ቀበቶው ይጥበቅ እንጂ ካርቶኑ እንዳይሰቃይ።
ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ቫኑ ራሱ ይቀነሳል፤
ሾፌሯም ከነቦርሳዋ፤ የተረፈው ይጫናል።»
(የኔን ኪሎ በሰው ፊት ሲጠይቀኝ ዋሸሁ፤
ሰባት ኪሎ ደበቅሁ።)

ማታ ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣
የጫማ ካርቶን እደረድራለሁ፣
እንደ ልጅ፣ ብቻዬን ሳጉተመትም፣ ስቆጥር።

ከዚያ የማስረከብ ትምህርት መጣ።
«ደንበኛዋ ካርቶኑ ተቀዶ ብታገኘው ምን ትጻፍ?»
ኪሊያን እጁን አወጣ፦
«‹ከፍቼ እስካየው ድረስ› ብላ ትፈርማለች።»
ቴሳንዲየ ሳቀ።
«ይህ ቃል በሕግ ፊት ከባዶ ወረቀት ያንሳል።
‹ተጎድቷል› አይበቃም። ‹ምናልባት› አይበቃም።
ስንት? የቱ? በየት በኩል?
ያልተቆጠረ ስብራት እንዳልተሰበረ ይቆጠራል።
‹ሁለት ሳህን፣ ጠርዛቸው ተሸርፏል፤
የካርቶኑ ግራ ማዕዘን ርሷል› —
እንዲህ ይጻፋል።
ተደብቆ የቆየ፣ ቤት ገብቶ የታየ፣
ሦስት ቀን ነው ያለው፤ ከዚያ ወዲያ ዘገየ።»

እኔ መስኮቱን አየሁ።
ያን ማክሰኞ አስታወስሁ፣
የፋብሪካውን ደብዳቤ ያመጣውን ልጅ፣
ኮፍያው እየፈሰሰ ቆሞ ከኔ ደጅ።
«እመቤቴ፣ እዚህ ጋ» ብሎ ስክሪኑን ሲዘረጋ
ስሜን በጣቴ ጫርሁ፤
«ደህና ደርሷል» ብዬ ተረከብሁ፤
አንድ ቃል አላስመዘገብሁ፤
ልጁን «ግባ፣ ተጠለል» እንኳ ሳልል ዘጋሁ።
ሦስት ቀን ነበረኝ።
ሁለት ዓመት አለፈ።

ነገ ጧት ሁለት ሰዓት ፈተና ነው።
ጫማዬን ከበሩ ሥር አኖርሁ፤
የካርቶን ቫኔን አንዴ ጫንሁ፣ አንዴ አወረድሁ፤
ከዚያ በልምምድ ወረቀቱ ጀርባ ጻፍሁ፦

«የደረሰው ዕቃ፦ አንዲት አርሜል ፎዤራ።
የቀኝ እጅ አንጓ፣ ሲበርድ የሚያመው፤ ምክንያቱ ሥራ።
እንቅልፍ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንጥቅ አለው።
የምድጃ ሙቀት፣ አንድ፣ ጎድሏል፤ አልተተካም።
ወርቅ የሚያይ ዓይን፣ ሁለት፤ ጭረት የለባቸውም።»

ቀኑን ጻፍሁ። ፈረምሁ።
ማን እንደሚረከበው አላውቅም፤ ጊዜውም አልፏል፤
ቢሆንም በትክክል ተሞልቷል።

ነገ ኮኑን ሳልነካ ወደ ኋላ ከገባሁ፣
ቀበቶውን ካጠበቅሁ፣
አንድ ቀን እኔም፣ ዝናብ ባዘለ ኮፍያ፣
የማላውቃት ሴት በር ላይ ቀጭን ፖስታ ይዤ እቆማለሁ።
ደንቡን አውቃለሁ፤
ሾፌር የፖስታውን ሆድ አይጠይቅም።
ግን ስክሪኑን ሳልዘረጋ
አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ፈቀቅ እላለሁ።
«እመቤቴ፣ አይቸኩሉ» እላለሁ፤
«ሞተሩን አጥፍቻለሁ።»