ግራ እጁ

ስድስት ወር ሲሞላው ማንኪያ ብሰጠው በቀኙ ነጠቀኝ፤
ኳስ ባንከባልል፣ ቁልፍ ባንቃጭል፣ በቀኙ ቀደመኝ።
ውብርስት ሳቀች፤ «ቀኝ ያውልህ» ብላ ግንባሩን ሳመችው፣
እኔም በስልኬ ቀርጬ ላክሁት፤ እህቴ አየችው፣
«ቀኙን ያለምልመው!» ብላ ከሩቅ ሆና መረቀችው።

ግራውን ማን አየ?
አውራ ጣቷን ውጣ፣ ተጨብጣ ውላ፣ ተጨብጣ ታድራለች፤
እኛ እንደ ጨዋ ልጅ «ዝምተኛ» አልናት፤ ምን ታስቸግራለች?

ብሩክስ ነው ቤታችን፤ አልበርታ ሜዳ ላይ፣ ነፋስ የማይደክምበት፤
ሥራዬም ሥጋ ቤት፤ ቢላ በቀኝ እጅ፣ መንጠቆ በግራ የሚያዝበት።
በግራ ካልሳቡት በቀኝ አይቆረጥም፤
ግራዬን በብረት ጓንት ሸፍኜ ነው የምቆም።
ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ
የልጄን ያላየሁ።

ለክትባት ሄደን፣ ነርሷ ዳርሊን መርፌውን አቆየች፤
ቀይ ኩብ ይዛ፣ በግራው በኩል፣ ደጋግማ ጠበቀች።
ኬብሮን ተጠማዞ፣ ወገቡን አዙሮ፣ በቀኙ ወሰደ።
«እንዲህ የሚያደርገው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለች። ልቤ ወረደ።
«በዚህ ዕድሜ ልጅ እጅ አይመርጥም፤ ሁለቱም ይሻማሉ።
ዓመት ሳይሞላው አንዱን ከለየ፣ ስለ ሌላው ይጠይቃሉ።»

ምርቃት ያልነው ምልክት ነበረ።
«ግራ ገባኝ» ሲሉ እሰማ ነበረ፤
ያን ቀን ግን በሩን ከፍቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣
ግራ ራሱ ገባ።

ስልኩ ሁሉ ምክር። «ታገሡ» አሉን፤ «አባቱስ መቼ ቶሎ ሄደና?»
እትዬ ደብሪቱ ተረት ጨመሩበት፣ ድምፃቸው ረጋ ብሎ ቀና፦
«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»
እውነት ነው፣ ይሄዳል።
ግን ማን ጠየቀ፣ እንቁላሉ እስኪሄድ ዶሮዋ ምን ሠራች?
ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ታቅፋው ከረመች፣
ሳትጠግብ ተነሥታ፣ ሳትጠግብ ተመልሳ፣
በመንቁሯ እያገላበጠች።

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከሜዲሲን ሃት፣ በረዶ ጥሳ ጆአን ትመጣለች፤
ካፖርቷን ጥላ፣ ምንጣፋችን ላይ፣ ከልጄ እኩል በሆዷ ትተኛለች።
ሩዝ በሳህን ትሞላለች፤ ስፖንጅ ታረጥባለች፤
ቀኙን በካልሲ ለጥቂት ሸፍና «አሁን ተራው የሷ ነው» ትላለች።
የተመረቀው እጅ ካልሲ ሲገባ
ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።
ኬብሮን አለቀሰ። ጆአን አልቸኮለችም።
«ግራው ሰነፍ አይደለችም» አለችኝ፤
«ከአንጎሉ እስከ ጣቱ መንገዱ ነው የጠፋት፤
ገና ለጋ ሳለ አብረን እንጥረግላት።»
ውብርስት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣
«ዘገየን?»
«መጥታችኋል» አለቻት።

ግንቦት ገባ። ዓመት ከሁለት ወሩ ነው፤ አልቆመም ገና።
ትናንት ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ፣ ምንጣፉ ላይ ጋደም አልኩና፣
የሆነ ነገር ጆሮዬን ያዘኝ፤
ላብ ያላት፣ ሙቅ፣ እንደ ቡቃያ ቅጠል ያልተዘረጋች።
ግራዋ ነበረች።
አውራ ጣቷ ወጥታለች።
ያዘችኝ፤ መልቀቂያው ግን ጠፋት።
«ላላቅቅህ?» አለች ውብርስት፣ ከኩሽና ሮጣ መጥታ።
«ተዪያት» አልኳት።
መልቀቅ ገና አልተማረችም፤ እሱ የማክሰኞ ነው።
ጆሮዬ ቀልቶ እስከዚያ ቢቆይ ግድ የለኝም።