ሃያ ስምንት ነጥብ አራት

ሳራጎሳ ባሕር ደጇ ደርሶ አያውቅም፤
ኤብሮም በነሐሴ ጭቃውን አይሸፍንም።
አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከግድግዳዬ ማዶ፣
አንድ ባሕር አለ ከትልቁ ተቀዶ፤
ሦስት መቶ ሊትር፣ ቁመቱ እስከ ደረቴ፣
የሴቬሪኖ ነው፤ ቁልፉ ግን ካንገቴ።
ሠላሳ ዓመት በሌሊት ባቡር ሲያሳልፍ የኖረ፣
ጡረታ ሲወጣ ባሕር መትከል ጀመረ።

አምቡላንስ ሲወስደው፣ አፉን ጭንብል ይዞት፣
ገለጥ አርጎ ያለኝ ስለ ሳንባው አይደለም፦
«ኦሮሲያ፣ ውሃው ከሃያ ስድስት አይለፍ፤
ሃያ ዘጠኝ ከገባማ፣ ያኔ ማለት...»
አልጨረሰውም። በሩ ተዘጋበት።

እኔ ማን ነኝና? አርባ ዓመት ጫማ ሻጭ፤
ዓሣ ማለት ለኔ ወይ ጥብስ ነው ወይ ቆርቆሮ።
ኮራልን «ድንጋይ» ስለው ይስቅብኝ ነበር ድሮ፤
«እንስሳ ነው» ይላል፤ «ጭሰኛ አለ በገላው፣
ብርሃን እያረሰ ስኳር የሚያበላው፤
ሙቀት ሲጠናበት ልቡ ይሸፍታል፣
ጭሰኛውን ሁሉ ከርስቱ ያባርራል፣
ባዶ ቤቱን ታቅፎ ነጥቶ ይቀራል።»

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ አርባ ሁለት ሲሞላ፣
ማቀዝቀዣው ማሽን አቃሰተ፣ ኋላ
ጸጥ አለ።
ጠጋኙ በስልክ «መስከረም ላይ» አለኝ፤
«ነሐሴ አይደል እንዴ? ሰው ሁሉ ባሕር ወርዷል።»
እኔ ዘንድ ግን ባሕሩ ራሱ አተኩሶታል።

ሰማያዊው መብራት ጠፋ፤ መዝጊያው ወረደ፤
ቬንትሌተሩ ወንበር ላይ ቆሞ ነፋስ ሰደደ።
የላስቲክ ጠርሙሶች ከፍሪዘር እያወጣሁ፣
አንዱ ሲቀልጥ ሌላውን እያንሳፈፍኩ፣
ሌሊቱን ተመላለስኩ በኩሽናና በባሕር መካከል።
«ባንዴ አታብርጂው» ብሎኝ ነበር፤ «ድንጋጤም ይገድላል።»

ፍሪዘሩ አልደርስ ሲል ብላስ ዘንድ ወረድኩ፣ ዓሣ ሻጩ ዘንድ።
«ይሄ በረዶ ለስንት ኪሎ ዓሣ ነው?» አለ እየመዘነ።
«ሁለት ናቸው» አልኩት። «ይዋኛሉ።»
ሂሳቡን መለሰልኝ፤ አንድ አካፋም ጨመረ።

ሁለቱ ብርቱካንማዎች ከላይ፣ ከውሃው ቆዳ ሥር፣
አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ።
ውሃ ሲሞቅ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ማንም አልነገረኝ፤
ከአፋቸው አነበብኩት።

ማታ ይደውላል። ድምፁ ፉጨት ነው።
«ስንት ገባ?»
«ሃያ ስምንት ነጥብ አራት። ያንተስ ስንት ነው?»
«ሠላሳ ዘጠኝ ናት፤ ተያት እሷን። ውሃው ጎድሏል?»
«አራት ጣት። ጨው በጥብጬ ልሙላው?»
ሳል ይሁን ሳቅ እንጃ፣ አንቆት ቆየና፦
«የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨው የትም አይሄድም።
በንጹሕ ውሃ ሙዪው፣ ቀስ ብለሽ፣ በጭልፋ።»

ስልኩን ዘግቼ ቆምኩ። ከቁልፉ ክር ሥር
አንገቴ ላይ ነጭ መስመር ደርቋል፤
በጣቴ ነካሁት፣ ቀመስኩት።
እውነቱን ነው።

ጭልፋ፤ ደግሞ ጭልፋ።
ሊነጋ ሲል መዝጊያው ተንኳኳ፤ ሲየርሶ ነበር፣
ያ ከተራራ ወራጅ፣ ያ ልብስ ከገመድ ነጣቂ፣
ዓመቱን ሙሉ የምረግመው ነፋስ።
መስኮቱን በረገድኩና «ግባ» አልኩት፣ «ግባ፣ ጌታዬ፤
ጫማህን ሳታወልቅ ግባ።»

ሃያ ሰባት ተኩል።

ስልኩ ሲጮህ ድምፁ የሱ አልነበረም፤
ነርስ ናት፣ ልጅ እግር፣ የቸኮለች፦
«አሁን ገና ተኙ። ከመተኛታቸው በፊት
'ስንት እንደሆነ ጠይቂልኝ' አሉኝ። ምኑ እንደሆነ አላውቅም።»
«ሃያ ሰባት ተኩል በይው። እየወረደ ነው።»
ጻፈችው፤ የብዕሯን ጭረት ሰማሁ።

ከኋላ፣ ከድንጋዩ ጥግ፣ የሕፃን ጣት የሚያህል
አንድ ቅርንጫፍ ነጥቷል።
ያንን አላስጻፍኩም።