በሁለቱም ወገን የሞተ ሰው

አባቴ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ይሞት ነበር፤
ጠዋት ግራጫ ለብሶ ከደረጃ ይወረወር፣
ከቀትር በኋላ ጥቁሩን ይለብስና
የጠዋቱን ሟች ሊገድል ይመጣል እንደገና።

ግራጫው የሽመላ ቤት፣ ጥቁሩ የብረት ክንድ፣
ሁለት የኩንግ ፉ ቤቶች ባንድ የኮምፖርሳቶ መንገድ።
ሰማዩ የሸራ፣ ኮረብታው የቀለም፣
ደሙ ሽሮፕ ነበር፤ ዝንቡ ግን ተረት አይደለም።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ያው ነው ሁሌ ነገሩ፦
ጥቁር ለባሾች ይመጣሉ በር እየሰባበሩ፣
ከደጃፉ በላይ ያለውን ባለ ወርቅ ጽሕፈት ሰሌዳ
በእግር መትተው ይጥላሉ፤ ያ ነው የደሙ ዕዳ።
ሽማግሌው መምህር ሻዩን ሳይጨርስ ይመረዛል፣
ታናሹ ደቀ መዝሙር ተራራ ወጥቶ ውሃ ይቀዳል፣
ሦስት ዓመት ይቀዳል (በፊልሙ አራት ደቂቃ)፤
ሲወርድ መዳፉ ድንጋይ ነው፤ ትዕግሥቱም አበቃ።

አባቴ በዚህ ሁሉ ውስጥ ስም የለውም።
ከኋላ ረድፍ ነው፣ ከግራ አራተኛ፣
«መምህራችንን ገደላችሁ!» ብሎ፣ ተመትቶ የሚተኛ።

እውነተኛ ጠብም ነበረው፤ ከፊልሙ የቆየ።
በኮውሉን ጣሪያ ላይ፣ በአንቴናና በእርጥብ ልብስ መሀል፣
የመምህር ዮንግ ልጅ ነበር፤ ጉርምስናው እዚያ አልፏል
ከማዶ ጣሪያ ካሉት ከመምህር ሉክ ልጆች ጋር
ሲሰዳደብ፣ ሲደባደብ፣ ስለ አቋቋም ሲከራከር።
የዮንግ ቤት «ተረከዝ መሬት ይንካ!» የሉክ ቤት «የለም፣ ይነሳ!»
በዚህች ምክንያት ነው ማዶ ጣሪያ ላይ ሁለት ጥርሱን የረሳ።

ጥርሶቹን ያስቀረው ፉንግ ነበር። ፉንግ ቲን-ሎክ።
ስሙ ሲነሳ አባቴ ማንኪያውን ያስቀምጥና
«እግሩ ፈጣን ነበር» ይላል።
ሌላ አይጨምርም።

ድህነት ግን ጣሪያ አይለይም። ሁለቱም በአንድ ዓመት
ለቀን አበል ተሰለፉ በስቱዲዮው በራፍ ፊት።
አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ጥቁር፤ ከልቡ እያንዳንዱ ሲማታ
ዳይሬክተሩ «ግሩም ትወና!» አለ፤ ማን ይንገረው ያን ለታ?

አንድ ቀን የሻይ ቤቱ ሰገነት፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው።
ዋናው ተዋናይ አይወድቅም፤ የሚወድቅለት ሰው አለው።
አባቴ አጥሩን ተደግፎ ቁልቁል ቢመለከት
ካርቶን የሚደረድር ሰው አየ።
ፉንግ ነበር፣
በጉልበቱ ተንበርክኮ፣
የቴሌቪዥን ካርቶን፣ የብርቱካን ካርቶን፣ አንዱን በአንዱ ላይ፣
በመዳፉ እየተጫነ፣ ደረቁን ካልሞተው ሲለይ።
አንዱን ግማሽ ክንድ ወደ ግራ ገፋ። ቀና ብሎ አየው።
አልሳቀም። ጣቱን ቀስሮ ነጥቡን አሳየው።

«ታዲያ ምን አሰብክ?» አልኩት።
«እናቴ እንኳ አታውቅም በየት ጎኔ እንደምወድቅ፤
ፉንግ ነው ያጠናኝ፣ ሲጥለኝ ኖሮ አንድ ቀን ሳይስቅ።
ስለዚህ ዘለልኩ።»

«ከዚያስ? ታረቃችሁ?»
«ለምን ብለን? ስለ ተረከዙ ተሳስቶ ነበር እኮ።»

ፉንግ ባለፈው ክረምት ሞተ፤ ይስለው ነበር፣ ሳንባ።
አባቴ ሸሚዙን አስተኩሶ ለቅሶው አዳራሽ ገባ።
ከፎቶግራፉ ፊት ሦስቴ ጎንበስ አለ፤ በሦስተኛው
ተረከዙን ከወለሉ አነሳ፤ ከእኔ ሌላ ማንም አላየው።

አሁን ሌሊት፣ ቴሌቪዥኑ አሮጌ ፊልም ሲያሳይ፣
ድምፁን ይዘጋዋል፤ ዋናውን ተዋናይ አያይ።
ሰገነቱ ይሰበራል። አንድ ግራጫ ልብስ ይወርዳል።
ካሜራማኑ ተሳስቶ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል፣
ከማዕዘኑ ግርጌ ቡናማ የካርቶን ጠርዝ ይታያል።

«ያውልሽ» ይላል ጣቱን ቀስሮ፣
«ፉንግ።»